ያ ባልዲ ተሸካሚ መነኩሴ

ባለፈው እትም ስለ ብሩስ ሊ ሁለት አንቀጽ ብጽፍ መዘዝ መዘዝኩ። የቪዲዮ ቤት ትውልድ በሙሉ ብዕሩን አነሳ። ደብዳቤዎቹን ሳገላብጥ አንድ ነገር ገረመኝ። ስድስት ሰዎች፣ አንዱ ሌላውን ሳያውቅ፣ ስለ አንድ ሰው ነው የጠየቁኝ፤ ስለ ሆንግ ኮንጉ የኩንግ ፉ ፊልም ዳይሬክተር ስለ ላው ካር ሊዩንግ። ግማሾቹ ስሙን እንኳን አያውቁትም። ስለዚህ የዛሬውን ዓምድ ለእሱ ለቅቄያለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹን እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ውሰዷቸው።

ጥያቄ፦ ልጅ ሳለሁ ቪዲዮ ቤት ያየሁት ፊልም እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም። ራሱን የተላጨ ወጣት ገዳም ገብቶ በሁለት እጁ የውሃ ባልዲ ተሸክሞ ዳገት ይወጣል። ክንዱ ላይ ስለት ታስሯል። እጁን ዝቅ ካደረገ ጎኑን ይወጋዋል። የቪዲዮ ቤቱ በር ላይ «ሻውሊን» ከሚል በቀር የተጻፈ ነገር አልነበረም። ፊልሙ ማን ይባላል? ማን ነው የሠራው? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ በዚያን ጊዜ ሁሉም ፊልም «ሻውሊን» ነበር። ኮሜዲም ይሁን፣ የሰይፍ ፊልምም ይሁን፣ ጃፓኖች የሠሩትም ይሁን፣ ሰሌዳው ላይ በጠመኔ «ሻውሊን! አዲስ!» ተብሎ ይጻፋል። ይህን በደንብ አውቃለሁ። የእኛን ሰፈር ሰሌዳ የምጽፈው እኔ ነበርኩ። ኢሕአዴግ የገባ ሰሞን ነው፤ አሥራ ሁለት ዓመቴ። ካሴት አጠነጥናለሁ፣ አግዳሚ ወንበር እደረድራለሁ፣ ሰሌዳ እጽፋለሁ። ደሞዜ በነፃ ማየት ነው።

ያንተ ፊልም «የሻውሊን ሠላሳ ስድስተኛው ክፍል» ይባላል። በ1978 ሆንግ ኮንግ ውስጥ ተሠራ። ዳይሬክተሩ ላው ካር ሊዩንግ ነው። ፊልሞቹ ላይ ስሙ በማንዳሪን አጠራር «ሊዩ ቺያ ሊያንግ» ተብሎ ስለሚገባ ሁለት ሰው የሚመስላቸው አሉ። አንድ ሰው ነው።

ታሪኩን ላስታውስህ። ዘመኑ ማንቹዎች ቻይናን የሚገዙበት ነው። አንድ ተማሪ ከአመፀኞች ጋር ተገኝቶ ቤተሰቡና ጓደኞቹ ያልቁበታል። እሱ ቆስሎ ያመልጥና ሻውሊን ገዳም ይደርሳል። እዚያ ሳን ቴ ይሉታል። መጀመሪያ መጥረጊያ ነው የሚሰጡት። ከብዙ ጊዜ በኋላ «ኩንግ ፉ አስተምሩኝ» ይላል። ገዳሙ ውስጥ ሠላሳ አምስት የሥልጠና ክፍሎች አሉ። ከየትኛው ትጀምራለህ ሲሉት፣ ከላይኛው ይላል።

እኔ በሙያዬ የሒሳብ አስተማሪ ነኝ። ይህን ቦታ ባየሁ ቁጥር ብቻዬን እስቃለሁ። ክፍልፋይ ሳይደምር «ቲቸር፣ ካልኩለስ መቼ ነው?» የሚል ልጅ በየዓመቱ አንድ አይጠፋም። ሳን ቴ የላይኛው ክፍል ሲገባ የሚደባደብ ሰው የለም። አረጋውያን መነኮሳት ተቀምጠው መጽሐፍ ይደግማሉ። አንዲት ቃል አይገባውም። ሳይነኩት ተሽቀንጥሮ ይወጣል። ከዚያ ወደ መጨረሻው፣ ወደ ታችኛው ይወርዳል። የታችኛው ክፍል ደግሞ የምግብ አዳራሹ መግቢያ ነው! መሀል ላይ ውሃ አለ፤ ውሃው ላይ የተጠረዙ ግንዶች ይንሳፈፋሉ። እነሱን ረግጦ የተሻገረ ይበላል። የወደቀ ጾሙን ያድራል።

ከዚያ ነው ያንተ ባልዲ የሚመጣው። ቀጥሎ ጫፉ ላይ ክብደት ባለው ረጅም ዘንግ ደወል መምታት አለ። ራስን ሳያዞሩ በዓይን ብቻ እሳት መከተል አለ። በተንጠለጠሉ የአሸዋ ከረጢቶች መሀል በግንባር እየገጩ ማለፍ አለ። ልብ በል፣ በሌሎች ፊልሞች ሥልጠና አምስት ደቂቃ ነው። ሙዚቃ ይገባል፣ ልጁ ፑሽ አፕ ይሠራል፣ አለቀ። እዚህ ግን የፊልሙን ግማሽ ገደማ የያዘው ትምህርት ነው። ጠላት የለም፣ በቀል የለም። አንድ ሰው የማይችለውን ነገር ሲሞክር፣ ሲወድቅ፣ ዘዴው ሲገባው እናያለን። እኛ ደግሞ በአግዳሚ ወንበር ላይ ተደራርበን ትንፋሻችንን ይዘን እናይ ነበር። የድብድብ ፊልም ልናይ ገብተን ትምህርት ቤት ነው ያየነው፤ ማንም ግን ገንዘቤን መልሱ አላለም።

ያን ሰሞን እናቴ ቦኖ ውሃ ቅዳ ብላ ላከችኝ። ሁለቱን ባልዲ በተዘረጋ ክንድ ካላመጣሁ ብዬ ወሰንኩ። ለስለቱ ከእንጨት የሾልኩትን ሁለት ችንካር በጨርቅ ብብቴ ሥር አሰርኩ። ከቦኖው አምስት እርምጃ አልራቅኩም። ውሃው ለወረፋተኞቹ ሴቶች ደረሰ፤ ችንካሩ ጎኔን ላጠው። ቤት ስደርስ እናቴ በራሷ ክፍል ተቀበለችኝ። ሠላሳ ሰባተኛው መሆን አለበት።

መጨረሻውን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ሳን ቴ ሠላሳ አምስቱን ክፍል ከጨረሰ በኋላ የአንዱ ክፍል ኃላፊ ሁን ይሉታል። እሱ አዲስ ክፍል ልክፈት ይላል። ምን የሚሠራ? ከገዳሙ ውጭ ያለውን ተራ ሰው የሚያስተምር። ሽማግሌዎቹ እምቢ አሉ፤ አበምኔቱም በቅጣት ስም ወደ ውጭ ላከው። የፊልሙ ርዕስ ይህ ነው። ፊልሙ የሚዘጋው ጠላቱ በመሞቱ ሳይሆን ያ ክፍል ተከፍቶ ተራ ሰዎች ሲሠለጥኑ በማሳየት ነው። በ1993 የኒው ዮርክ ራፐሮች፣ ዉ ታንግ ክላን፣ የመጀመሪያ አልበማቸውን በዚህ ፊልም ስም የጠሩት በከንቱ አይደለም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እኔ ውሹ እሠለጥናለሁ። አሠልጣኛችን «እውነተኛ ኩንግ ፉ የሚያውቅ ዳይሬክተር ላው ካር ሊዩንግ ብቻ ነው፤ ሌላው ዳንሰኛ ነው» ይለናል። እውነት ነው? (ከአዲስ አበባ፣ የ19 ዓመት ወጣት)

መልስ፦ አሠልጣኝሽ ትንሽ አበዛው፤ ግን ከምንም ተነስቶ አይደለም።

ዎንግ ፌይ ሁንግ የሚባል ሰው ነበር። ተረት አይደለም፣ የኖረ ሰው ነው። ፎሻን አጠገብ ተወልዶ ካንቶን ውስጥ ኩንግ ፉ ያስተምር፣ ሰው ያክም ነበር። በ1925 ሞተ። ከደቀ መዛሙርቱ አንዱ ላም ሳይ ዊንግ ነው። የላም ሳይ ዊንግ ተማሪ ደግሞ ላው ቻም። ላው ቻም የእኛ ሰውዬ አባት ነው። እንግዲህ ቁጠሪ፤ ዎንግ፣ ላም፣ አባት፣ ልጅ። አራተኛው ትውልድ። የሚማሩት ሁንግ ጋር የሚባለውን የደቡብ ስልት ነው። ዝቅ ያለ አቋቋም፣ ጠንካራ ክንድ፣ የነብርና የሽመላ አካሄድ። አንቺ ስትሠለጥኚ አሠልጣኝሽ «ዝቅ በይ! ዝቅ በይ!» የሚልሽ ከዚያው ወገን ነው።

አሁን የሚገርመውን ስሚ። ከ1949 ጀምሮ ሆንግ ኮንግ ውስጥ ስለዚሁ ዎንግ ፌይ ሁንግ በጥቁርና ነጭ ፊልም ይሠራ ጀመር። ክዋን ታክ ሂንግ የሚባል ተዋናይ ከሰባ በላይ ፊልም ላይ ዎንግን ሆነ። የዘወትር ጠላቱ ሼክ ኪን ነበር። ሼክ ኪንን ታውቂዋለሽ፤ ብሩስ ሊ በመስተዋት ክፍል ውስጥ የተፋለመው፣ የእጁን መዳፍ በብረት ጥፍር የሚቀያይረው ሽማግሌ እሱ ነው። ወጣቱ ላው ካር ሊዩንግ በእነዚያ ፊልሞች ላይ ከኋላ ከሚደበደቡት አንዱ ነበር። የአባቱ አስተማሪ፣ አስተማሪ ታሪክ ሲሠራ እሱ ወድቆ ተነሺ ነው። ሥራውን የጀመረው መሬት ላይ በመውደቅ ነው።

ከዚያ ቶንግ ጋይ ከሚባል ጓደኛው ጋር ድብድብ አቀናባሪ ሆነ። ሾው ብራዘርስ ቀጠራቸው። ሾው ብራዘርስ ማለት ክሊርዋተር ቤይ ላይ የራሱ ከተማ የሚያክል ስቱዲዮ የነበረው ድርጅት ነው። ቤተ መንግሥቱ፣ ገዳሙ፣ ገበያው ተሠርቶ ቆሟል፤ ፊልም በፊልም ላይ ይቀረጽበታል። ልጅ ሆነን «ይሄ በር ባለፈው ፊልም ላይም ነበረ!» እንል ነበር። አልተሳሳትንም።

እዚያ ቻንግ ቼህ ለሚባል ታላቅ ዳይሬክተር ሠሩ። በ1967 የወጣው «አንድ እጁ ሰይፈኛ» የእነሱ ድብድብ ነው። ግን የቻንግ ቼህ ጀግና ሸሚዙን አውልቆ፣ ሆዱ ተዘርግፎ፣ መቶ ሰው ገድሎ ነው የሚሞተው። ላው ይህ አልተመቸውም። ቤተሰቡ ያስተማረው ሌላ ነው። ኩንግ ፉ የሚያውቅ ሰው መጀመሪያ እጁን መሰብሰብ ያውቃል። በ1975 ታይዋን ውስጥ ሥራ ላይ ሳሉ ላውና ቻንግ ቼህ ተለያዩ። ላው ወደ ሆንግ ኮንግ ተመልሶ በዚያው ዓመት የመጀመሪያ ፊልሙን ሠራ። ያን ጊዜ ከድብድብ አቀናባሪነት ተነስቶ ዳይሬክተር መሆን የተለመደ አልነበረም። ፊልሙ ምን ላይ ይመስልሻል? «መንፈስ ገብቶብኛል፣ ሰይፍ አይቆርጠኝም» እያለ ሰፈር ለሰፈር ገንዘብ የሚሰበስብ አጭበርባሪ ላይ! ከጀግና ሳይሆን ከቀልደኛ ጀመረ። ጃኪ ቻን በሰካራም ስልቱ ዓለምን ከማሳቁ ሦስት ዓመት በፊት ነው።

ወደ ጥያቄሽ ልመለስ። ሳሞ ሁንግና ጃኪ ቻን የመጡት ከቤጂንግ ኦፔራ ትምህርት ቤት ነው። መገልበጥ፣ መዝፈን፣ ፊት መቀባት ተምረዋል። እነሱም እውነተኛ ናቸው፤ ሙያቸው ሌላ ነው። ላው ግን የመጣው ኩንግ ፉ ከሚያስተምር ቤት ነው። ልዩነቱን ማየት ከፈለግሽ ካሜራውን ተመልከቺ። ተዋናዮቹ ከራስ እስከ እግር ይታያሉ። እግሩ የት እንደቆመ፣ እጁ ከየት እንደተነሳ ሳይደበቅ ታያለሽ። ብዙ ምት ሳይቆረጥ ይሄዳል። ፊልሞቹ ሲከፈቱም ታሪኩ ከመጀመሩ በፊት ባዶ ጀርባ ላይ ሁለት ሰዎች ስልቱን ያሳያሉ። ልክ እኔ የምዕራፉን ርዕስ ሰሌዳ ላይ እንደምጽፈው።

ለአሠልጣኝሽ ግን ዳንሰኛ ማለት ስድብ እንዳልሆነ ንገሪልኝ።

ጥያቄ፦ መላጣው መነኩሴ ጎርደን ሊዩ የዳይሬክተሩ ወንድም ነው አይደለም? እኔ ነው ብዬ፣ ጓደኛዬ አይደለም ብሎ ማኪያቶ ተወራርደናል። (ከአዳማ)

መልስ፦ ማኪያቶውን ተካፈሉት። ሳን ቴን የተጫወተው ጎርደን ሊዩ የላው በሥጋ ወንድሙ አይደለም። ልጅ ሆኖ የላው ቻም ተማሪ ነበር፤ በኋላ የአስተማሪውን ቤተሰብ ስም ወሰደ። በቤቱ ግን እንደ ወንድም ነው የሚቆጠረው። የሥጋ ወንድሙ ላው ካር ዊንግ ነው፤ እሱም ተዋናይና ዳይሬክተር ነበር።

ለቡናው ማወራረጃ አንድ ልጨምርላችሁ። በ1977 ላው በሠራው የሻውሊን ፊልም ላይ ነጭ ቅንድብ ያለው ክፉ ሽማግሌ ፓይ ሜይ አለ። እሱን የሠራው ሎ ሊዬህ ነው፤ ጎርደን ሊዩ በሻውሊኖቹ ወገን ሆኖ ቶሎ ይሞታል። ሃያ ሰባት ዓመት ቆይቶ አሜሪካዊው ኩዌንቲን ታራንቲኖ «ኪል ቢል» ሁለተኛው ክፍል ላይ ያንኑ ፓይ ሜይ ሲያመጣ፣ ጺሙን አስረዝሞ የለበሰው ማን ሆነ? ጎርደን ሊዩ።

ጥያቄ፦ የጃኪ ቻን አድናቂ ነኝ። «ሰካራሙ ጌታ» ሁለተኛው ላይ ዳይሬክተሩ ላው ካር ሊዩንግ ነው ይላል፤ ሌላ ቦታ ደግሞ ፊልሙን ጥሎ ሄደ ይባላል። ምን ሆነው ነው? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ተጣሉ። ሁለት ጌታ በአንድ ወጥ ቤት።

ፊልሙ የ1994 ነው። ጃኪ የሚጫወተው ማንን መሰለህ? ያንኑ ዎንግ ፌይ ሁንግን፣ በወጣትነቱ። ላው ዳይሬክተር ብቻ ሳይሆን ተዋናይም ነው፤ ከባቡር ሥር ከጃኪ ጋር የሚፋለመው ሽማግሌ እሱ ነው። ያን ቦታ ደግመህ እየው። ባቡር ሥር ቀጥ ብሎ መቆም አይቻልም። ጦርና ሰይፍ ይዘው፣ ተንበርክከው፣ ዝቅ ብለው ነው የሚፋለሙት። መሣሪያው ጠቦታል፣ ቦታው ጠቦታል፣ እያንዳንዱ ምት ምክንያት አለው። ይህ የላው እጅ ነው። የመጨረሻው የፋብሪካ ድብድብ ደግሞ ጃኪ ፍም ላይ የሚንፏቀቅበት፣ የማይጠጣ አልኮል ጠጥቶ አረፋ የሚተፋበት ነው። ያ የጃኪ እጅ ነው። በድብድቡ አሠራር አልተስማሙም። ላው ፊልሙ ሳያልቅ ወጣ፤ የመጨረሻውን ጃኪ ከቡድኑ ጋር ጨረሰው። ከዚያ ላው በዚያው ዓመት እልህ ይዞት ይመስላል፣ የራሱን ሦስተኛ «ሰካራሙ ጌታ» ሠራ። እውነቱን ልንገርህ፣ ደካማ ፊልም ነው። እልህ ምሳ አይሆንም።

ቀልዱ ያለው ሽልማቱ ላይ ነው። በቀጣዩ ዓመት የሆንግ ኮንግ ፊልም ሽልማት ሲሰጥ ምርጥ ድብድብ የተባለው ይኸው የተጣሉበት ፊልም ሆነ። እኔም ብዳኝ ለሁለቱም ነበር የምሰጠው። ፊልሙ የሚጥመው ሁለት የማይስማሙ ሰዎች ስለሠሩት ነው።

አንድ ነገር ሳልነግርህ አልለፍ። እዚያ ፊልም ላይ የጃኪን አባት የሚጫወተው ቲ ሉንግ ጃኪን በስምንት ዓመት ብቻ ይበልጠዋል። እንጀራ እናቱን የምትጫወተው አኒታ ሙይ ደግሞ በዘጠኝ ዓመት ታንሰዋለች። እንዲህም ሆኖ ልጅ ነው ብለን አምነን አየነው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ወንድሜ። አሥርና አሥራ ሦስት ዓመት የሆናቸው ሁለት ወንዶች ልጆች አሉኝ። ድብድብ ካልሆነ አናይም ይላሉ። ደም የማይረጭበት፣ ሰው እንደ ዝንብ የማይረግፍበት የድብድብ ፊልም ይኖራል? (እናት፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ እህቴ፣ አለ። የሠራውም ይኸው ሰው ነው። ሰባት ጌቶች እየተፈራረቁ ይደባደባሉ፤ በዚያ ፊልም ላይ አንድ ሰው አይሞትም።

በ1978 የወጣ ነው፤ ሲተረጎም «የምሥራቅ ጀግኖች» እንደ ማለት ነው። አንድ ቻይናዊ የሀብታም ልጅ ጃፓናዊት ያገባል። ጋብቻው በወላጆች ስምምነት ነው። ሴቲቱም የአገሯን ውጊያ ታውቃለች፤ እየተለማመደች የግቢውን ዕቃ ትሰብራለች። ባልና ሚስት «የእኔ አገር ሰይፍ፣ የአንተ አገር ሰይፍ» እያሉ ይጨቃጨቃሉ። ጠብ ሲበዛ ተቆጥታ አገሯ ትገባለች። እሱ እልኋን ቀስቅሶ ለመመለስ የውድድር ደብዳቤ ይጽፍላታል። ደብዳቤው አስተማሪዋ እጅ ይገባል። አስተማሪው «ጃፓንን ሰደበ» ብሎ ስድስት ባለሙያ ሰብስቦ ይመጣል። ሰባት ጌቶች፣ በየቀኑ አንድ። ካራቴ፣ ጁዶ፣ ጦር፣ ሰይፍ፣ እስከ ኒንጃው። ባልየው ለእያንዳንዱ ከራሱ አገር ተመጣጣኝ ስልት ማግኘት አለበት።

ሁሉም ነገር የመጣው ከአለመግባባት ነው። ልጆችሽ ይህን ያዩታል። ሰይፈኛው ሲሸነፍ ሰይፉን ለማክበር ብሎ ይሰጠዋል፤ ቻይናዊው ልማዱን ስለማያውቅ አልቀበልም ይላል። ስድብ ሆነ! ሌላ ጠብ! የሰው አገር ወግ አለማወቅ ከጡጫ በላይ እንደሚያቆስል እንዲህ ጥሩ አድርጎ ያሳየ የድብድብ ፊልም አላየሁም። ያውም የቻይና ፊልሞች ጃፓናዊን ሁሉ ክፉ አድርገው በሚሥሉበት ዘመን።

ልጆችሽ የሚስቁበትን ቦታ ልንገርሽ። ባልየው የሰካራም ስልት መማር ያስፈልገዋል። የሚያውቀው አንድ ሽማግሌ ሰካራም ነው፤ ግን አያስተምርም። ስለዚህ ጓደኞቹ ሄደው ሰካራሙን ይተነኩሱታል፤ እሱ ሲደበድባቸው ባልየው ዳር ቆሞ እያየ ይማራል። ያ ሰካራም ዳይሬክተሩ ራሱ ነው።

ሴት ልጅ ቢኖርሽ ኖሮ ደግሞ ሌላ እጨምርልሽ ነበር፤ ለወንዶቹም ቢሆን አይከፋም። በ1981 የሠራው «ወጣቷ አክስቴ» ላይ ካራ ሁይ የምትባል ተዋናይት ሁሉንም ወንዶች ታንበረክካለች። ዳይሬክተሩ ከእሷ በዕድሜ እየበለጠ የባሏ የወንድም ልጅ ቦታ ላይ ሆኖ «አክስቴ» እያለ ይሰግድላታል። የሆንግ ኮንግ ፊልም ሽልማት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ ምርጥ ተዋናይት የተባለችው በዚህ ፊልም ነው። በድብድብ ፊልም!

ጥያቄ፦ ከዚህ ሰው ሥራ አንድ ብቻ ምረጥ ብትባል? ምክንያትህን ጨምር፣ «ሁሉም ደስ ይላል» አትበለን። (ከመቀሌ)

መልስ፦ «ባለ ዱላው»። ሙሉ ስሙ «የስምንቱ ማዕዘን ባለ ዱላ» እንደ ማለት ነው፤ በ1984 ወጣ። ከላይ ለእህቴ ያልኩትን ሁሉ ያፈርሰዋል፤ ለልጆች አይሆንም። ሰውየው በዕድሜ ልክ ሥራው «እጅህን ሰብስብ» ሲል ኖሮ አንድ ቀን የተናደደበት ፊልም ነው።

ታሪኩ ቻይናዎች በቃል የሚያውቁት የያንግ ቤተሰብ ነው። ሰባት ወንድማማቾች በክህደት ጦር ሜዳ ላይ ይከበባሉ። አምስተኛውና ስድስተኛው ብቻ ይተርፋሉ። ስድስተኛው ቤቱ ይገባል፤ አእምሮው ግን ታውኳል። አምስተኛው፣ ጎርደን ሊዩ፣ የጦሩን ብረት ቆርጦ ጥሎ በእንጨቱ ብቻ ገዳም ይሄዳል። አንቀበልህም ይሉታል፤ ልብህ ገና ጦር ሜዳ ነው ይሉታል። በገዛ እጁ ራሱን ይላጫል።

ስድስተኛውን ወንድም የሚጫወተው አሌክሳንደር ፉ ሼንግ ነበር። የዘመኑ ተወዳጅ ልጅ። በሐምሌ 1983፣ ፊልሙ እየተሠራ ሳለ፣ በመኪና አደጋ ሞተ። ታሪኩ ተቀየረ። ስድስተኛው ወንድም ከፊልሙ መሀል ይጠፋል። አንድ ትዕይንት ላይ ይጮኻል፣ ያለቅሳል፤ ከዚያ የለም። ማንም የት ሄደ አይልም። ፊልሙ ስለሞቱ ወንድሞች ነው፤ ፊልሙ ራሱም ወንድም አጥቷል። ጎርደን ሊዩ ከዚያ በኋላ የሚቆጣው ቁጣ ትወና ብቻ አይመስለኝም። ይህ የእኔ ስሜት ነው፤ ማስረጃ አትጠይቁኝ።

ገዳሙ ውስጥ መነኮሳቱ የእንጨት ተኩላ ላይ ዱላ ይለማመዳሉ። ተኩላውን መግደል ክልክል ነው። ጥርሱን ብቻ ማርገፍ። የላው ትምህርት ሁሉ እዚህ አለ፤ የሚነክሰውን አታጥፋው፣ መንከሻውን ውሰድበት። መጨረሻ ላይ መነኮሳቱ ጠላት ፊት ይቆማሉ። የተማሩትን ይሠራሉ። ጥርስ። የእውነት ጥርስ። ቪዲዮ ቤቱ ውስጥ ሁልጊዜ የሚያፏጨው ሕዝብ እዚያ ላይ ጸጥ ይል ነበር። ሕጉን አላፈረሱም፤ ግን ሕጉን ሲፈጽሙ ማየት ከመግደል የባሰ ያስፈራል።

ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆየ፣ ሾው ብራዘርስ ፊልም መሥራት ትቶ ወደ ቴሌቪዥን ዞረ። ላው ከዚያም ሠርቷል። በ1986 ጄት ሊን ይዞ ሜይንላንድ ቻይና ቀረጸ፤ በኋላ ከቾው ዩን ፋት ጋር የፖሊስ ፊልም ሠራ። በ2010 የዕድሜ ልክ ሽልማት ሰጡት። በሰኔ 2013 በደም ካንሰር ሆንግ ኮንግ ውስጥ አረፈ። ግን የገዳሙ በር፣ ያ ግቢ፣ ያ የለመድነው ደረጃ ሾው ብራዘርስ ፊልም ከተወ በኋላ የለም።

የ«ባለ ዱላው» መጨረሻ እንዲህ ነው። እህቱ ልትወስደው መጥታለች። እናቱ ቤት እየጠበቀች ነው። ጠላት ተሸንፏል። በእኛ ልማድ «አክተሩ» አሁን ቤቱ ይገባል፣ ሙዚቃ ይመጣል። እሱ ግን አይገባም። እህቱን ይሰናበታትና ብቻውን መንገዱን ይዞ ይሄዳል።

እኔ ይህን መጨረሻ መጀመሪያ ያየሁት ወደ ኋላ ነው። የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት ቀጣዩን ተመልካች ለማስገባት ይቸኩል ስለነበር ድብድቡ እንዳለቀ መብራት ያበራል። የመጨረሻዋ ደቂቃ ለማንም አትታይም። ካሴቱን የማጠነጥነው እኔ ነኝ። ምስሉ እየታየ ማጠንጠን የቪዲዮ ማጫወቻውን ሄድ ይበላዋል ተብሎ ተከልክያለሁ፤ እሱ ውጭ ትኬት ሲቆርጥ ግን ተጭኜ አየው ነበር። እና አንድ ሰው ከሩቅ፣ ከባዶ መንገድ፣ የኋሊት እየተራመደ ወደ እህቱ ሲመጣ አየሁ። ደረሰ። አጠገቧ ቆመ። ለብዙ ዓመት ፊልሙ እንደዚያ ነበር የሚያልቅ የሚመስለኝ።